ያልዞረችው ኳስ

(የድምፅ ዝግጅታችን በጽሑፍ። ዓመተ ምሕረቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የጠራነውን እዚያው ተናግረናል።)

ሀና፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ሀና ነኝ፣ ብሩክ ከፊቴ ተቀምጧል። ዛሬ ስቱዲዮ የመጣው ኳስ ይዞ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧታል፤ ነጭ ቆዳ፣ ቀይ ስፌት፣ ከብርቱካን ትንሽ አነስ የምትል።

ብሩክ፦ የቤዝቦል ኳስ ናት። እንዳትነኪያት፣ በኋላ ሥራ አላት።

ሀና፦ የጾም ቀን ሥጋ አስመሰልካት እኮ!

ብሩክ፦ ስለ ቤዝቦል እናውራ ስላት ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ? «አንዱ ሰውዬ ቆሞ ሌላውን ሰውዬ የሚያይበት ጨዋታ አይደል?»

ሀና፦ አሁንም አቋሜ ነው። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ ትኩስ ውሻ የሚሉትን ዳቦ በልቼ ነው የተመለስኩት፤ ማን እንዳሸነፈ እንኳ አላስታውስም።

ብሩክ፦ እሺ፣ ስለ ጨዋታው አናወራም። ስለ አንድ ሰውዬ ነው የምናወራው፤ ቲም ዌክፊልድ። ሦስት ሰዎች ብቻ ያዙልኝ። ወርዋሪው አለ፣ አሜሪካኖቹ ፒቸር የሚሉት። ከእሱ አስራ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ዱላ የያዘው መቺ አለ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ጓንት የዘረጋው ተቀባዩ ነው። ወርዋሪው መቺውን አሳስቶ ኳሷን ለተቀባዩ ማድረስ አለበት። በቃ።

ሀና፦ እስካሁን ደህና ነው።

ብሩክ፦ ጥሩ ወርዋሪ ታዲያ ጉልበት ነው የሚያሳየው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም በላይ። ዌክፊልድ ስንት የሚወረውር ይመስልሻል?

ሀና፦ 160?

ብሩክ፦ 105፣ 110 ገደማ።

ሀና፦ ተው እንጂ! ይሄማ በቀለበት መንገድ የሚነዳ መኪና ነው።

ብሩክ፦ በዚያ ፍጥነት አስራ ዘጠኝ ዓመት በትልቁ ሊግ ኖረ። 200 ጨዋታ አሸነፈ። ኳሷ ናክልቦል ትባላለች። ናክል ማለት የጣት አንጓ ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል፣ አብዛኞቹ የሚይዟት በጥፍራቸው ጫፍ ነው። ከስፌቱ ሥር ሁለት ጥፍር ትተክያለሽ፣ አውራ ጣት ከታች ይደግፋል፣ የእጅ አንጓሽን አድርቀሽ ትገፊያታለሽ። ዓላማው ኳሷ እንዳትዞር ነው።

ሀና፦ ካልዞረች ምን ትሆናለች?

ብሩክ፦ አንቺ ኳስ ተመልካች ነሽ፣ የእግር ኳሱን። ጁኒንሆ ሊዮን እያለ የሚመታትን ቅጣት ምት አስታወስሽ?

ሀና፦ ወይኔ! ግብ ጠባቂው ወደ ግራ ሲሄድ ኳሷ በቀኝ የምትገባው?

ብሩክ፦ ነገሩ አንድ ነው። የ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ላይ ጃቡላኒ የተባለችው ኳስ በረኞቹን ሁሉ ያስለቀሰችውም በዚሁ ነው። የምትዞር ኳስ መንገዷ ይታወቃል፤ ሽክርክሪቷ አየሩን በአንድ ወገን ይገፋዋል፣ እሷ ወደ ተቃራኒው ትታጠፋለች። መቺ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ሲያነብ ነው የኖረ። የማትዞረዋ ግን ከወርዋሪው እጅ እስከ መቺው ድረስ አንዴ ወይ አንዴ ተኩል ብቻ ነው ቀስ ብላ የምትገለበጠው። ኳሷ ላይ 108 ጥንድ ስፌት አለ። ያ ስፌት አንዴ በዚህ በኩል ነፋሱን ይይዘዋል፣ ወዲያው ደግሞ በዚያ በኩል። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁለቴ አቅጣጫ ልትቀይር ትችላለች። ቢራቢሮ በያት።

ሀና፦ ወርዋሪውስ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል?

ብሩክ፦ አያውቅም።

ሀና፦ እንዴ!

ብሩክ፦ ወርዋሪውም አያውቅም፣ መቺውም አያውቅም። ተቀባዩማ ጭራሽ። ቦብ ዩከር የሚባል ተቀባይ ነበር፣ በኋላ በቀልደኝነቱ ታዋቂ የሆነ። ናክልቦል እንዴት ነው የሚያዘው ሲሉት፣ መንከባለሏን እስክታቆም ጠብቆ ማንሳት ነው ብሎ መለሰ። በ1967 ከሊጉ ተቀባዮች ሁሉ ብዙ ኳስ ያመለጠው እሱ ነበር።

ሀና፦ (ሳቅ) እሺ፣ ሰውዬው ይህንን ከየት አመጣው?

ብሩክ፦ ከአባቱ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሜልበርን የምትባል ከተማ ነው ያደገው። አባት ከሥራ ደክሞት ይገባል፣ ልጅ ጓንት ይዞ በር ላይ ይጠብቀዋል። አባት ትንሽ ይወረውርለትና ሲሰለቸው ያችን የማትዞር ኳስ ይለቅበታል። ልጁ ኳስ ሲያባርር፣ ሲለቅም፣ ሲያባርር ይደክመዋል። ያን ጊዜ አባት ቤት ይገባል።

ሀና፦ ልጅ ማስተኛ ነበረች በለኛ።

ብሩክ፦ በቃ እሷው ናት። ኋላ ላይ ልጁ ወርዋሪ አልሆነም፣ መቺ ነው የሆነው። ኮሌጁ ውስጥ የሆም ረን ሪከርድ ያዘ፤ ኳሷን ከሜዳ አውጥቶ መምታት ማለት ነው። በ1988 ፒትስበርግ ፓይሬትስ በስምንተኛው ዙር መረጠው። በታችኛው ሊግ አሰለፉት፤ ምቱ ግን 0.189 ሆነ። ማለት አስር ጊዜ ሞክሮ ሁለቴ እንኳ አይሞላም። ከመልማዮቹ አንዱ እቅጩን ነገረው፤ በመቺነት ከመካከለኛው ሊግ አታልፍም አለው።

ሀና፦ ስንት ዓመቱ ነው?

ብሩክ፦ ሃያ ሁለት። አሁን እዚህ ጋ ጆሮ ስጪኝ። ልምምድ ላይ ከጓደኛው ጋር ሲቀላለድ ያችን የአባቱን ኳስ ይወረውራል። አንድ አሰልጣኝ አየ። ሊያሰናብቱት ሲሉ «ቆይ፣ ይሄ ልጅ እኮ ናክልቦል ይወረውራል» አለ። በቀልድ የወረወራት ኳስ ሥራ ሆነችለት።

ሀና፦ ሥራዬን ያገኘሁት እኔም እንደዚያው ነው፣ ግን የአንተን እንጨርስ። ቀጥል።

ብሩክ፦ ሐምሌ 31 ቀን 1992 ትልቁ ሊግ ገባ። በመጀመሪያ ጨዋታው ሴንት ሉዊስን አሸነፈ፣ ሙሉውን ጨዋታ ብቻውን ወረወረ፣ 146 ኳስ። በዚያ የውድድር ዘመን በጠቅላላ ስምንት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ። ከዚያ ለዋናው ዋንጫ ለማለፍ ከአትላንታ ጋር ሲገናኙ፣ ቶም ግላቪን ያለበትን ቡድን ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁለቴም አሸነፈው። ግላቪን በወቅቱ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ ነው። ቡድኑ ግን የመጨረሻውን ጨዋታ በመጨረሻው ደቂቃ ተነጠቀ፤ ፒትስበርግ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሽንፈት በላይ ማሸነፍ አቃተው። ያ ሌላ ለቅሶ ነው።

ሀና፦ ልጁ ግን ኮከብ ሆነ።

ብሩክ፦ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የመክፈቻ ጨዋታ ወርዋሪ አደረጉት። ከዚያ ኳሷ ጠፋችበት።

ሀና፦ ጠፋችበት ስትል?

ብሩክ፦ መዞር ጀመረች። በዝግታ የምትመጣና የምትዞር ኳስ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ለመቺ እንደ ጉርሻ ናት፤ አፉን መክፈት ብቻ ነው። ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት። በ1994 ቡፋሎ ላይ አምስት አሸንፎ አስራ አምስት ተሸነፈ፤ በሊጉ እንደሱ የተሸነፈ የለም። ሚያዝያ 20 ቀን 1995 አሰናበቱት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።

ሀና፦ አሰልጣኝ ምን ይሠራል? ለምን አላስተካከሉትም?

ብሩክ፦ የኔም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ወርዋሪ ሲበላሽበት ዙሪያው ሁሉ ሐኪም ነው። ክርንህን ዝቅ፣ እግርህን ከፍ፣ ቪዲዮ እይ። ናክልቦል ግን የሚያውቃት ሰው የለም። ከጥንት ጀምሮ ይህንን ሙያ ሥራዬ ብለው የያዙት ጥቂት ናቸው። ሰው ሁሉ «ዕድል ነው፣ ማንም ይወረውረዋል» ይላል፣ ሲበላሽ ግን የሚጠግን የለም። እንደ ድሮ የቅኔ ተማሪ ነው፤ የሚያውቅ መምህር ያለበት ድረስ በእግርህ ሂድ።

ሀና፦ ሄደ?

ብሩክ፦ ሄደ። ከተሰናበተ በስድስተኛው ቀን ቦስተን ሬድ ሶክስ ይዞት ፎርት ማየርስ፣ ፍሎሪዳ ላከው። እዚያ ማን ጠበቀው? ፊል ኒክሮና ወንድሙ ጆ ኒክሮ።

ሀና፦ መምህራኑ።

ብሩክ፦ ሊቀ ሊቃውንቱ። አባታቸው ኦሃዮ ውስጥ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ፤ ናክልቦሏን ጓሮ ውስጥ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ፊል 318 ጨዋታ አሸነፈ፣ ጆ 221። ሲደመር 539። ከሁለቱ በላይ ያሸነፉ ወንድማማቾች የሉም። ፊል እስከ አርባ ስምንት ዓመቱ ወርውሯል። ክንድ አይጎዳማ! በጉልበት ስለማይወረወር። አየሽ፣ ጆ በዕድሜ ልኩ አንዲት ሆም ረን ነው የመታው፤ እሷንም የመታት በወንድሙ ኳስ ላይ ነው።

ሀና፦ (ሳቅ) እናታቸው ያን ቀን ለማን ደስ አላቸው?

ብሩክ፦ ለሁለቱም አዝነው ይሆናል። ስለ ጆ ሌላም አለ፤ ጥፍር ስላልኩሽ። በ1987 ሜዳ ላይ ዳኞቹ ጠረጠሩት፣ «ኪስህን አራግፍ» አሉት። እጁን ከኪሱ ሲያወጣ ጥፍር መሞረጃ ተስፈንጥሮ ሣሩ ላይ ወደቀ። ካሜራው ሁሉ አየው።

ሀና፦ ኳሷን ሊሞርድባት?

ብሩክ፦ ዳኞቹ እንደዚያ አሉ። እሱ ደግሞ ናክልቦል ወርዋሪ ነኝ፣ ጥፍሬን ካልሞረድኩ በምን እይዛታለሁ አለ። አስር ጨዋታ ቀጡት። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ሀና፦ እሺ፣ ፎርት ማየርስ ላይ ነበርን።

ብሩክ፦ ከነፊል ጋር ሠራ። የተለየ ተአምር አላስተማሩትም። ፍራቻ ነበር ያበላሸው፤ ኳሷን አልመካባት ሲል ፈጣን ኳስ እየቀላቀለ ነበር። እነሱ ያዛት፣ እሷን ብቻ፣ ደጋግመህ አሉት። ቦስተን ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ አስራ ሰባት ጨዋታዎች አስራ አራት አሸንፎ አንድ ተሸነፈ።

ሀና፦ ያ በሚያዝያ የተባረረው ሰውዬ?

ብሩክ፦ ያው ሰውዬ፣ በዚያው ክረምት። ከዚያ በኋላ ቦስተን አስራ ሰባት ዓመት ኖረ። ሁልጊዜ ኮከብ አልነበረም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። በስሌት ከሄድን 200 አሸንፎ 180 ተሸንፏል። የዝነኞች አዳራሽ ይግባ የሚሉ አሉ፤ እኔ አይገባም ባይ ነኝ።

ሀና፦ እንዲህ እያሞገስከው?

ብሩክ፦ አዳራሹ ለታላላቆች ነው፤ ፊል ኒክሮ ገብቷል፣ ይገባዋል። ዌክፊልድ ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ የጎደለውን ሁሉ የሞላ ሰው ነው። ጨዋታውን ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ዛሬ ዝጋ ሲሉት ይዘጋል። በሬድ ሶክስ ታሪክ ከእሱ በላይ ብዙ ኢኒንግ፣ ማለት የጨዋታ ዙር፣ የወረወረ የለም፣ 3,006። የተቸገረ ሁሉ የሚጠራው ጎረቤት አለ አይደል? ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲጎድል?

ሀና፦ እድሩን ብቻውን የተሸከመ።

ብሩክ፦ እሱን ነው የምልሽ።

ሀና፦ ተቀባዮቹስ? እኔን የሚያሳዝነኝ የእነሱ ነገር ነው።

ብሩክ፦ አንድ የራሱ ተቀባይ ነበረው፣ ዳግ ሚራቤሊ። ዌክፊልድ ሲወረውር እሱ ብቻ ነው የሚቀበለው። ከ2005 በኋላ ቡድኑ ሚራቤሊን ከሳንዲያጎ ጋር በሌላ ተጫዋች ለወጠው። ምን ችግር አለ፣ ተቀባይ ተቀባይ ነው ብለው ጆሽ ባርድ የሚባል ወጣት አመጡ። ምስኪን በአንድ ወር አስር ኳስ አመለጠው።

ሀና፦ ወይ ጉድ።

ብሩክ፦ ሚራቤሊን መልሱልን ብለው ለመኑ። ግንቦት 1 ቀን 2006 ከኒው ዮርኩ ቡድን ከያንኪስ ጋር ጨዋታ አለ፣ ዌክፊልድ ነው የሚወረውረው። ሚራቤሊ ያን ዕለት ከሳንዲያጎ በግል አውሮፕላን ተሳፈረ። ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቀረው ቦስተን አረፈ። ፖሊስ መኪና ጠበቀው፣ ሳይረን እያስጮኹ ከተማውን አቋረጡ፤ መለያውን መኪናው ውስጥ ነው የለበሰው። ደርሶ ተቀመጠ፣ ዌክፊልድ ወረወረ፣ አሸነፉ።

ሀና፦ ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አይታጀብ!

ብሩክ፦ አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርሽ? እኔ ቦስተን የገባሁት በ2003 ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ፌንዌይ ፓርክ አጠገብ ፓርኪንግ ነበር፣ የሬድ ሶክስ ሜዳ ማለት ነው። እዚያ የሚሠራው በብዛት የእኛ ሰው ነበር። መኪኖቹን አፍና ጭራ ገጥመን ነው የምንደረድራቸው፤ ከኋላ ያለው ካልወጣ የፊቱ አይወጣም። ስለዚህ ጨዋታው ካላለቀ እኛም አንወጣም።

ሀና፦ ያለ ፍላጎትህ ደጋፊ ሆንክ።

ብሩክ፦ ቁልፎቹ ሰሌዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ ትንሽ ሬዲዮ አለች፣ የሜዳው ጩኸት ከሬዲዮው ቀድሞ ይደርስሻል። መጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ ሬዲዮው ይነግርሻል። እንግሊዝኛ ያሻሻልኩት በዚያ ነው። «ናክልቦል» የምትለዋን ቃል ከ«ሞርጌጅ» በፊት ነው ያወቅኋት።

ሀና፦ (ሳቅ) ተባርከሃል።

ብሩክ፦ በ2003 ጥቅምት ላይ ለዋናው ዋንጫ ለማለፍ ከያንኪስ ጋር ሰባተኛውና ወሳኙ ጨዋታ፣ ኒው ዮርክ ነበር። ቦስተን ከ1918 ጀምሮ ዋንጫ አላየችም። ዌክፊልድ በዚያ ዙር ሁለት ጨዋታ አሸንፎላቸዋል። ጨዋታው ተራዘመና ሌሊት ስድስት ሰዓት አለፈ፣ በአስረኛው ኢኒንግ እሱ ገብቷል። በአስራ አንደኛው የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወረ፤ አሮን ቡን መታት፣ ከሜዳ ወጣች። አለቀ።

ሀና፦ አንዲት ኳስ?

ብሩክ፦ አንዲት ኳስ። ከተማው ለሰው ይቅር የሚል አልነበረም፤ በ1986 እግሩ መሃል ኳስ ያለፈችበትን ቢል በክነርን ለዓመታት አሳደውታል። ዌክፊልድም ያው የሚሆንበት መስሎት ነበር። ግን በብርዱ ወራት እዚያው ቦስተን የእራት ግብዣ ላይ ሲታይ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበለት።

ሀና፦ እሱን ለምን ማሩት?

ብሩክ፦ ያለ እሱ እዚያም እንደማይደርሱ ያውቁ ነበራ። ከእኔ ጋር አንድ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ይሠሩ ነበር፣ ቤዝቦል አይገባቸውም። በማግስቱ ሁሉም ሰው ፊቱን አጥቁሮ መኪናውን ሲወስድ አይተው «ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ። ማንም አልሞተም፣ ዌክፊልድ ነው አልኳቸው። «ምን ሆነ?» ዞረችበት አልኳቸው። «እግዜር ያጽናው» አሉ።

ሀና፦ (ሳቅ)

ብሩክ፦ ከዚያ የ2004ቱ መጣ። ያው ያንኪስ። ሁለቱን ተሸንፈን ሦስተኛው ቅዳሜ እኛ ጋ ነበር። እያወራሁሽ ያለሁት «እኛ» እያልኩ ነው፣ ልብ በይ።

ሀና፦ ልብ ብያለሁ።

ብሩክ፦ 19 ለ 8 አዋረዱን። በጨዋታው መሃል ወርዋሪዎቹ ሁሉ እያለቁ ነው፤ ነገ ደግሞ አለ። ዌክፊልድ በማግስቱ አራተኛውን ጨዋታ የሚጀምረው እሱ ነው፣ ተራው ነው። ትልቅ ነገር ነው እኮ፣ አምና ያቺን ኳስ ለወረወረ ሰው። ራሱ ሄዶ «እኔ ልግባ» አለ። የጠፋ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ከሲሶ ተደበደበላቸው። የነገው ተራው ሄደ፣ ሌሎቹ ወርዋሪዎች ግን አረፉ።

ሀና፦ ይሄንን ሰው በወቅቱ አስተውሎታል?

ብሩክ፦ እኔ አላስተዋልኩም። ቤቴ መግባት ነበር የምፈልገው። እሁድ አራተኛው ጨዋታ ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ አለቀ፣ የእኛው ዴቪድ ኦርቲዝ መትቶ አሸነፍን። የመጨረሻው መኪና ሲወጣ ሊነጋ ምንም አልቀረውም። ተኝቼ ተነሳሁ፣ ሰኞ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አምስተኛው ተጀመረ። በእኛ ጥቅምት 8 ቀን 1997 ነው፤ ብርዱ የጥቅምት ነው፣ የአዲስ አበባን ጥቅምት ግን እንዳታስቢ። ጋሼ ቴርሞስ ቡና ይዘው መጡ። አምስት ሰዓት ሙሉ አላለቀም። እኩል ለእኩል። ከዚያ ሬዲዮው ዌክፊልድ ገባ አለ።

ሀና፦ ከትናንት ወዲያ የተደበደበው?

ብሩክ፦ አስራ ሁለተኛው ኢኒንግ ላይ። ችግሩ ሚራቤሊ ሜዳ ላይ የለም፤ የሚቀበለው ጄሰን ቫሪቴክ ነው፣ ታላቅ ተቀባይ፣ ግን የእሷ ሰው አይደለም። አስራ ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያውን መቺ አሳሳተው፤ ኳሷ ቫሪቴክን አምልጣ ሄደች፣ የተሳሳተው ሰውዬ ሮጦ የመጀመሪያው ቤዝ፣ ማለት ሯጭ የሚያርፍበት ቦታ፣ ደረሰ።

ሀና፦ ተሳስቶም?

ብሩክ፦ ሕጉ ነው፤ ተቀባዩ ካልያዛት መሮጥ ይችላል። በዚያ ኢኒንግ ብቻ ሦስት ኳስ አመለጠው። ያንኪሶች ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆመዋል፤ አንዲት ሌላ ብታመልጥ ይመሩናል። ሜዳው ጸጥ አለ። ሠላሳ ምናምን ሺህ ሰው ሆኖ ቴርሞሱ ሲከደን ይሰማኛል። ጋሼ ቁልፍ ሰሌዳውን ይዘው ቆመዋል። «ምን እየሆነ ነው?» አሉ በሹክሹክታ። ኳሷን መያዝ አቅቷቸው ነው አልኩ። «ታዲያ ለምን ይወረውራታል?»

ሀና፦ ጥሩ ጥያቄ እኮ ነው።

ብሩክ፦ ሌላ የለውማ! ያችኑ ወረወረ። ሩበን ሲየራ ሳታት፣ ቫሪቴክ ያዛት። ጩኸቱ ሲመጣ ቁልፎቹ ሰሌዳው ላይ ተንቀጫቀጩ። አስራ አራተኛው ላይ ኦርቲዝ መታ፣ አሸነፍን። ያሸነፈው ወርዋሪ ተብሎ የተመዘገበው ዌክፊልድ ነው። ከዚያ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው የ86 ዓመቱን ዕዳ ከፈሉ፤ ስምንት የምለው አራተኛውን ጨምሬ ነው።

ሀና፦ ጋሼስ?

ብሩክ፦ መኪና ሲያወጡ አደሩ። ያን ቀን ጉርሻው እስካሁን አልተደገመም። (ሳቅ) በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቡድኑ ለዌክፊልድ የተለየ ውል ሰጠው፤ በየዓመቱ ቡድኑ ከፈለገ በ4 ሚሊዮን ዶላር ይታደሳል፣ ማብቂያ ቀን የለውም።

ሀና፦ የቀበሌ ቤት በለው።

ብሩክ፦ ከሌላው ወርዋሪ ደመወዝ ሲነጻጸር ርካሽ ነው። እሱ ግን እዚያ መኖር ነው የፈለገው። በ2011 አርባ አምስት ዓመቱ ላይ 199 ላይ ቆመ። ሞከረ፣ አልሆነም። ሰባት ጊዜ። በስምንተኛው፣ መስከረም 13፣ ቶሮንቶን 18 ለ 6 ሲያሸንፉ 200 ሞላ። በብርዱ ወራት መጫወት አበቃ።

ሀና፦ ከእሱ በኋላ ማን ያዛት?

ብሩክ፦ አር ኤ ዲኪ። የእሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይሆናል፤ የቀኝ ክርኑ ውስጥ መኖር ያለበት ጅማት ከነጭራሹ የሌለው ሰው ነው። ቴክሳስ 810,000 ዶላር ሊሰጠው ብሎ ሐኪሙ ያንን ሲያይ ወደ 75,000 አወረዱት። ዞሮ ዞሮ ናክልቦል ያዘ። በ2006 በመጀመሪያ የናክልቦል ጨዋታው ዲትሮይት ስድስት ሆም ረን መታበት። ዌክፊልድም በ2004 በዚያው በዲትሮይት ስድስት ተመቶበት ነበር፤ ልዩነቱ ዌክፊልድ ያንን ጨዋታ አሸንፏል።

ሀና፦ (ሳቅ) ስድስት ተመትቶ?

ብሩክ፦ አሸነፈ! እና ዲኪ ለሌላ ቡድን እየተጫወተ፣ ተቀናቃኝ ሆኖ ማለት ነው፣ ዌክፊልድ ሲለማመድ እንዲያይ ፈቀደለት። ሌላው ወርዋሪ ምስጢሩን ለጠላት አያሳይም። እነዚህ ግን ማንም ሲጠይቃቸው ያስተምራሉ፤ ኤሪ ዮሺዳ የምትባል ጃፓናዊት ልጅ እንኳ በቴሌቪዥን አይታው ናክልቦል ተማረች፣ በ2010 ፎርት ማየርስ ሄዳ ከእሱ ጋር ሠራች። ዲኪ በ2012 መጀመሪያ ኪሊማንጃሮ ወጣ፣ ታንዛኒያ ያለውን ተራራ፤ በዚያው ዓመት ሃያ ጨዋታ አሸንፎ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ናክልቦል ወርዋሪ ሲወስደው የመጀመሪያው ነው።

ሀና፦ ዌክፊልድ አሁን የት ነው?

ብሩክ፦ አረፈ። ጥቅምት 1 ቀን 2023፣ በአእምሮ ካንሰር፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ። ካንሰር የያዛቸውን ልጆች ሆስፒታል እየሄደ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ነው። የሰማሁት መኪና ውስጥ ነው፣ በሬዲዮ። ለጋሼ ደወልኩላቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። «ያ ዞረችበት ያልከኝ ልጅ?» አሉ።

ሀና፦ ነፍስ ይማር።

ብሩክ፦ ነፍስ ይማር።

ሀና፦ ...እሺ። ኳሷን አሁን ልንካት?

ብሩክ፦ ንኪያት። ጥፍርሽን ከስፌቱ ሥር፣ አዎ እዚያ ጋ። አይ፣ በጣትሽ ሆድ አይደለም። በጥፍር።

ሀና፦ ትንሸራተታለች እኮ! ደግሞ ጥፍሬን ትናንት ነው የተሠራሁት።

ብሩክ፦ አንጓሽን አትጠፊ። እንደ በር ግፊያት። ማይክራፎኑን እንዳትመቺ።

ሀና፦ ልወርውር?

ብሩክ፦ ወርውሪ።

(የኳስ ድምፅ፣ የወንበር ድምፅ፣ ሳቅ)

ሀና፦ ዞረች?

ብሩክ፦ እንደ እንዝርት።